ማሽኗ ቀለለች፣ እሳቱ ግን ያው ነው

ድሮ የብየዳ ማሽን ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ከባድ ሳጥን ነበር። ከጋራዥ አይወጣም። የሚሠራበትም ሰው ሙያውን ከአለቃው ስር ቆሞ፣ ብረት ሲይዝና ብየዳው ላይ የሚደርቀውን ቅርፊት ሲያራግፍ ከርሞ የተማረ ነው። አሁን አዳማ ላይ ከአንዱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብታችሁ አምስት ኪሎ ገደማ የምትመዝን ማሽን በትከሻችሁ አንግታችሁ ትወጣላችሁ። ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ቤት፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ የግቢውን በር ማጠፊያ መበየድ። ማንም "ትችላለህ ወይ?" ብሎ የጠየቀ የለም።

በእጁ የሚሠራ ሰው ደስ ይለኛል። በዚህች ማሽን የእንጀራ ገመዱን ያገኘ ልጅም ብዙ ነው። ግን ትንሽ ስለሆነች ሰው ይንቃታል። ካውያ የገዛ ይመስለዋል። ያነሰው ሳጥኑ ነው። ከኤሌክትሮዱ፣ ማለትም እየቀለጠ ከሚያልቀው የብየዳ ዘንግ፣ ጫፍ የሚነሳው እሳት ያው የድሮው ነው፤ 1500 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጠውን ብረት በሰከንድ ውስጥ ፈሳሽ ያደርገዋል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ማሽኗን ገዝቶ ካርቶኑን ለመክፈት ለቸኮለ ሰው ነው።

መጀመሪያ እንዴት እንዳነሰች እንይ፤ ነገሩ ከሶኬታችሁ ጋር ይያያዛልና። የድሮው ማሽን ትልቅ ትራንስፎርመር ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በዚህ ፍጥነት ለሚመላለስ ኤሌክትሪክ ቮልቱን ዝቅ፣ አምፒሩን ከፍ ለማድረግ ብዙ ብረትና ብዙ መዳብ ያስፈልጋል። ክብደቱ የመጣው ከዚያ ነው። ኢንቨርተር የሚባሉት አዳዲሶቹ ግን መብራቱን መጀመሪያ ወደ ዲሲ፣ ማለትም ሳይመላለስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ኤሌክትሪክ፣ ይቀይሩታል። ቀጥለው በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይቆራርጡታል። ምልልሱ ይህን ያህል ሲፈጥን በመዳፍ የሚያዝ ትራንስፎርመር ይበቃል። በመጨረሻ እንደገና ዲሲ ሆኖ በወፍራሙ ገመድ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። "የቤቴ ሶኬት 16 አምፒር ነው። ማሽኑ እንዴት 90 አምፒር ይሰጠኛል?" መልሱ ቮልቱ ላይ ነው። 90 አምፒር ላይ ስትበይዱ እሳቱ የሚሠራው በ24 ቮልት ገደማ ነው። 90 በ24 ሲባዛ 2160 ዋት ይመጣል። ማሽኑ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት 2500 ዋት አካባቢ ይደርሳል። ርካሾቹ ማሽኖች ደግሞ ከመስመሩ የሚስቡት ወጥ በሆነ መንገድ አይደለም፤ በጉርሻ በጉርሻ ነው። በዚህ ምክንያት በግድግዳው ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ከስሌቱ ከፍ ይልና 15 ወይም 16 አምፒር ይሆናል። ማለትም ሶኬታችሁ መጨረሻው ጫፍ ላይ ነው። ኤሌክትሮድ ቀይራችሁ ወደ 120 አምፒር ከፍ ስታደርጉ ከጫፉ አለፋችሁ።

በቤት ቋንቋ ስንናገረው ማሽኗ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር የሚቀራረብ ጭነት አላት። እንጀራ እየተጋገረ መበየድ የለም። ብሬከሩ ቢወርድ ደግ ነው፤ የሚያስፈራው ሳይወርድ ሲቀርና ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሲግል ነው። ለምጣድ ተብሎ ከቆጣሪው በወፍራም ሽቦ፣ በራሱ ብሬከር የተሳበ መስመር ካላችሁ ለብየዳ የሚሆነው እሱ ነው። የመኝታ ቤቱ ሶኬት አይደለም። ቴሌቪዥን፣ ቻርጀርና ራውተር የተደረደሩበት ዲቫይደርማ ጨርሶ አይታሰብም።

ሌላው የመስመር ጉዳይ ኤርዝ ነው። ከማሽኗ የሚወጣው የመብራት ገመድ ውስጥ ሦስት ሽቦ አለ። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ሽቦ ማሽኗ ውስጥ የሆነ ነገር ቢላላና አካሏን ቢነካ ኤሌክትሪኩ በእናንተ በኩል ሳይሆን በመሬት በኩል እንዲሄድ ነው የተሠራው። ብዙ ቤት ሶኬቱ የኤርዝ ብረት አለው፣ ከጀርባው ግን ሽቦ የለውም። አንድ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ይለካላችሁ፤ ከሕክምና ይረክሳል። ፕለጉን ቆርጦ ጥሎ ሁለቱን ሽቦ ሶኬት ውስጥ የሚሰካ ሰው ካያችሁ ደግሞ ከሥራው ቦታ ራቁ። ሦስተኛውን ሽቦ የት አደረገው?

ኤክስቴንሽን ሲያስፈልግ የሽቦው ውፍረት ከ2.5 ካሬ ሚሊሜትር አይነስ። በ30 ሜትር 2.5 ገመድ፣ 16 አምፒር ሲያልፍ ሰባት ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በ1.5 ገመድ ወደ 12 ቮልት። ገበያ ላይ ካለው ቀጭን ባለ 0.75 ገመድ ጋር ደግሞ ከ20 ቮልት በላይ ይጠፋል፤ የጠፋው በሙሉ ሙቀት ሆኖ ገመዱን ያበስለዋል። የተጠቀለለ ገመድ እንደተጠቀለለ አይሠራበትም፤ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። ማታ ማታ የሰፈሩ መብራት ሲደክም እሳቱም ይደክማል። ያን ጊዜ ቁልፉን ወደ ላይ እያዞሩ ከመታገል ጠዋት ተነስቶ መሥራት ይሻላል። ጎረቤትም አምፑሉ እየተርገበገበ አይራገምም።

አሁን እኛ አገር ብቻ የሚጻፍ ነገር ልጻፍ። መብራት ሄደ። በያጁ መያዣውን ከነኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ጣል አድርጎ ቡና ሊጠጣ ገባ። ማሽኗን አላጠፋም፤ ጠፍታለችና። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራት ይመጣል። ኤሌክትሮዱ የነካው ብረት ላይ በራሱ ይለኩሳል ወይም ተጣብቆ ይቀላል፤ አጠገቡ ደግሞ ሕፃን ወይም የሲሚንቶ ከረጢት ሊኖር ይችላል። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ኤሌክትሮዱን ከመያዣው አውጡ፣ ማሽኗን አጥፉ፣ ነቅላችሁ ተዉት። ሲመለስም ወዲያው አትሰኩ። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው የቮልት መዋዠቅ ከኢንቨርተር ማሽን ገዳዮች አንዱ ነው።

ስለ ግዢው ብዙ አልልም። ማሽኗ ላይ በትልቁ የተጻፈው 250 ወይም 300 የሚል ቁጥር ብዙ ጊዜ የሞዴል ስም ነው፤ አምፒር ነው ብላችሁ አትመኑ። ከኋላ ወይም ከታች ያለውን ትንሽ ሰሌዳ አንብቡ። እዚያ ላይ በመቶኛ የተጻፈ ነገር አለ። 60 በመቶ በ120 አምፒር ካለ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስቱን በይዳችሁ አራቱን ታሳርፏታላችሁ ማለት ነው። የአዳማ ቀትር ላይ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ከዚያም በላይ እረፍት ትፈልጋለች። ቢጫ መብራት አብርታ ሥራ ካቆመች ሞቃታለች፤ አታጥፏት፣ ፋኗ እየሠራ ትብረድ። ሱቁ "ማስኩ አብሮ ነው" ብሎ የሚሰጣችሁን ስስ የፕላስቲክ የእጅ መከለያ አመስግናችሁ ተቀበሉና ሌላ ግዙ።

ማስኩ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የብረታ ብረት ቤቶች ባሉበት መንገድ ስታልፉ የፀሐይ መነጽር አድርጎ የሚበይድ ወጣት አታጡም። አንዳንዱ ጭራሽ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ይጨፍንና ቸስ ያደርጋል። "ለአንድ ነጥብ ምን ማስክ ያስፈልጋል?" ይላል። ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ደህና ነው። አያመውም። ማታ ራት በልቶ ሲተኛ ነው የሚጀምረው። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የፈሰሰ ይመስለዋል። ያለቅሳል፣ ብርሃን ማየት አይችልም። ከእሳቱ የሚወጣው፣ በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር የዓይኑን የፊት ሽፋን አቃጥሎታል። ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ወዲያው እንደማያሳይ ሁሉ ይሄም ሰዓታት ይፈጃል። ሦስትም ሊሆን ይችላል፣ አሥራ ሁለትም። ጉዳቱና ሕመሙ ስለማይገናኙ ሰው ከልምዱ አይማርም፤ አቧራ ነው ብሎ ያልፈዋል።

አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሽራል። ጨለም ያለ ክፍል፣ በቀዝቃዛ ውኃ የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ፣ የሚዋጥ ማስታገሻ። ድንች ልጣችሁ ዓይናችሁ ላይ አድርጉ የሚል አይጠፋም፤ ቅዝቃዜው ያስታግስ ይሆናል እንጂ አያድንም፣ ጭማቂው ዓይን ውስጥ ባይገባ ደግሞ ይመረጣል። የሚያደነዝዝ የዓይን ጠብታ ከሰው ተቀብሎ እየደጋገሙ መጨመር ግን ትልቅ ስህተት ነው። ሕመሙን ያጠፋና ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። በማግስቱ ካልቀለለ፣ ዕይታ ከደበዘዘ ወይም የብረት ብናኝ ገብቶ ከሆነ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

የማስክ መስታወት በቁጥር ይለያል። ለጀማሪ በሚሆነው በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ 10 ቁጥር፣ በ3.2 ደግሞ 11 ቁጥር ጥሩ ነው። በራሱ የሚጠቁረው ማስክ ለጀማሪ እውነትም እፎይታ ነው፤ ኤሌክትሮዱን የት እንደምታሳርፉ እያያችሁ ትለኩሳላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት መጥቆሩን በመሞከሪያ ቁልፉ አረጋግጡ፣ ባትሪውንም እዩ። ከማስኩ ስር ነጭ የመከላከያ መነጽር ይኑር። ብየዳው አልቆ ማስኩን ቀና አድርጋችሁ ቅርፊቱን በመዶሻ ስትመቱ፣ ያ ትኩስ ስብርባሪ በቀጥታ ወደ ዓይን ነው የሚነሳው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እሳቱ ከጠፋ በኋላ በዚህች ደቂቃ ነው።

የናንተ ዓይን ብቻም አይደለም። ግቢ ውስጥ ብየዳ ሲጀመር የሰፈር ልጅ ይሰበሰባል። ብልጭታ ይወዳላ! አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ላሜራ አቁማችሁ ከልሉ። ነጭ ግድግዳና አዲስ ቆርቆሮ አጥር ጨረሩን መልሰው ይልኩታል። ከመለኮሳችሁ በፊት "ዓይን!" ብላችሁ ጮክ በሉ። አብሯችሁ ብረት የሚይዘው ልጅም ማስክ ይገባዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ልብሱ ቀላል ነው፤ ከባዱ የአዳማ ሙቀት ነው። በዚህ ፀሐይ ረጅም እጅጌ፣ ወፍራም ጂንስና የቆዳ ጓንት ልበሱ ሲባል ሰው ይስቃል። ግን ካናቴራ ለብሶ የበየደ ሰው አንገቱና ክንዱ ማታ ይቀላል፣ ከቀናት በኋላ ይላጣል። ልብሱ ጥጥ ይሁን። ናይለን ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱሪው ከጫማው ውጭ ይውደቅ እንጂ ወደ ላይ አይጠቅለል፤ ጥቅሉ የብልጭታ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ነጠላ ጫማ እቤት ይቅር። ላይተርም ከኪስ ይውጣ። ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ሠርቶ ቀትሩን ማረፍ የተሻለ አማራጭ ነው።

ላብ ከሌላም ነገር ጋር ይገናኛል። ማሽኗ በርታ፣ ሳትበይዱ ስትቆሙ፣ በኤሌክትሮዱና በመቆንጠጫው (የሚበየደውን ብረት በሚነክሰው የሁለተኛው ገመድ ጫፍ) መካከል ከ60 እስከ 80 ቮልት አለ። "ሰባ ቮልት ምን ያደርጋል?" የሚል ሰው ደረቅ እጁን ይዞ ነው የሚናገረው። ደረቅ ቆዳ ይቋቋማል። በላብ የራሰ ቆዳ፣ በላብ የራሰ ጓንት፣ ላብ የጠጣ ካልሲ አይቋቋምም። የረጠበ መሬት ላይ ወይም የምትበይዱት ብረት ላይ ተቀምጣችሁ ኤሌክትሮድ በባዶ እጅ አትቀይሩ። ሁለት ጓንት ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲርስ ሌላው ይደርቃል። ከስር ደረቅ ጣውላ ወይም የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ። ገመዱን ትከሻችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ዝናብ ሲጀምር ደግሞ "ይቺን ጨርሼ" የለም።

ጭሱን በሚመለከት አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስ ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች ተርታ መድቦታል። ጭንቅላታችሁን ከእሳቱ በላይ አታድርጉ፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ በጎን በኩል ሁኑ። በርና መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አትበይዱ።

ጋልቫናይዝድ ብረት፣ ማለትም የውኃ ቱቦውና ቆርቆሮው፣ የራሱ ጣጣ አለው። ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ሲቃጠል ነጭ ጭስና ነጭ ብናኝ ይወጣዋል። ያን የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይላል። አዳማ ላይ ይህን የሰማ ሁሉ "ወባ ነው" ነው የሚለው፤ ከተማው ወባ የማያጣው ነውና ሰውም አይፈረድበትም። ስትመረመሩ ዛሬ ጋልቫናይዝድ እንደበየዳችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። የወባ ምርመራውን ግን አትዝለሉ። የዚንኩ ትኩሳት በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ወተት ጠጡ፣ ያጥበዋል የሚለው ምክር በየጋራዡ ይሰማል። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፤ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው። የሚበጀው ከመበየዳችሁ በፊት ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ጥቂት ሴንቲሜትር ያህል ዚንኩን በግራይንደር ማንሳትና ነፋስ ባለበት መሥራት ነው። ሲነሳም ብናኝ አለውና አፍንጫ ይሸፈን። ቀለምም እንዲሁ ይነሳ። ብረቱን ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አጥቦ መበየድ ደግሞ ክልክል ነው፤ ሙቀቱና ጨረሩ ወደ መርዛማ ጋዝ ይቀይሩታል።

ነፋስ ስል የአዳማን ነፋስ ማለቴ ነው። ከከተማው ጀርባ ባለው ከፍታ ላይ የሚሽከረከሩት ማማዎች በከንቱ አልተተከሉም። የመጀመሪያው የአዳማ ነፋስ ኃይል ማመንጫ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ነው። ይህ ነፋስ ለጭሱ ጥሩ፣ ለእሳቱ መጥፎ ነው። በኤሌክትሮድ መበየድ መካከለኛ ነፋስን ይችላል፤ የኤሌክትሮዱ ሽፋን ሲቃጠል የሚሠራው ጋዝና ቅርፊት የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከላከልለታል። ነፋሱ ሲበረታ ግን ጋዙን ይገፋዋል፣ ብየዳውም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ብልጭታውም ሩቅ ይሄዳል። በዙሪያው በአሥር ሜትር ውስጥ የሚነድ ነገር አይኑር ይባላል። በነፋሻማ ቀን ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ያንን አስፉት። የከሰል ጆንያ፣ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ደረቅ ሳር፣ የተሰጣ ልብስ፣ ቤንዚን የያዘ ሞተር ሳይክል። ግቢ ውስጥ የማይገኝ አለ? አንድ ባልዲ አሸዋና አንድ ባልዲ ውኃ አጠገባችሁ ይሁን። ውኃው ለጆንያው እንጂ ለተሰካችው ማሽን አይደለም። ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከቦታው አትራቁ። ጆንያ ውስጥ የገባች ፍንጣሪ ሳትታይ ቆይታ ነው የምትነሳው።

በርሜል አትበይዱ። ነዳጅ፣ ዘይት፣ ቀለም ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ነገር የያዘ በርሜል "ባዶ ነው" ተብሎ አይቆረጥም፣ አይበየድም። ፈንጂ የሚሆነው ፈሳሹ አይደለም፤ በውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። ስለዚህ ባዶው ከሙሉው የባሰ ሊሆን ይችላል። በሳሙና ታጥቧል፣ አፉ ተከፍቷል፣ አንድ ወር ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፣ እነዚህ ሁሉ ዋስትና አይሆኑም። ይህን የሚሠሩበት ዘዴ ያላቸው ባለሙያዎች አሉ። እኔና እናንተ አይደለንም። የባጃጅና የሞተር ነዳጅ ታንከር፣ የጋዝ ሲሊንደርም በዚሁ ይገባል። የባጃጁን ሻንሲ ለመበየድ ከተገደዳችሁም ባትሪውን ፍቱ፤ መቆንጠጫውን ደግሞ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ያዙ። ራቅ ብሎ ከተያዘ ኤሌክትሪኩ መንገድ ሲፈልግ በኩሽኔታው ያልፍና ያበላሸዋል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ የምትገዙት ኤሌክትሮድ 6013 የሚል ቁጥር ያለው፣ 2.5 ሚሊሜትር የሆነው ይሁን። ቁጥሩ ትርጉም አለው። 60 የሚለው ብየዳው ሲጎተት የሚችለውን ጉልበት ይናገራል። ቀጥሎ ያለው 1 በማንኛውም አቅጣጫ፣ ወለል ላይም ሆነ ቀና ተብሎ መበየድ እንደሚቻል ነው። የመጨረሻው የሽፋኑን ዓይነት ያሳያል። 6013 በቀላሉ ይለኩሳል፣ ቅርፊቱም በቀላሉ ይነሳል። 7018 ጠንካራ ነው ይሏችኋል፤ ልክ ናቸው። ግን እርጥበት ሲነካው ይበላሻል፣ ለጀማሪም እልህ አስጨራሽ ነው። 6013ም ቢሆን ፓኬቱ ከተከፈተ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ።

የምትለማመዱበትን ብረት ስትመርጡ ስሱ ብረት አያታልላችሁ። ሰው ሁሉ የሚጀምረው በቀጭኑ አርኤችኤስ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት በሆነው ባለአራት ማዕዘን ብረት፣ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው እሱ ነውና። ከ1.5 ሚሊሜትር በታች የሆነ ብረት ለጀማሪ ወንፊት ነው የሚሆነው። ከብረት ቤት አምስት ወይም ስድስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ለምኑ ወይም በኪሎ ግዙ። ላዩን እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጉት። መቆንጠጫውን ቀለምና ዝገት በሌለበት ቦታ፣ እዚያው ቁራጭ ላይ ያዙ። ቁልፉን 75 ወይም 80 አምፒር ላይ አድርጉ። ለ2.5 ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 ባለው ውስጥ ትሠራላችሁ፤ ለ3.2 ከ90 እስከ 130።

ክርናችሁን አንድ ነገር ላይ አስደግፉ። በአንድ እጅ መያዣውን፣ በሌላው ያንኑ እጅ ደግፉ። ኤሌክትሮዱን ክብሪት እንደመጫር ብረቱ ላይ ጫሩት። ሲለኩስ ወዲያው ትንሽ ቀና፣ ከዚያ መልሶ ዝቅ። በጫፉና በብረቱ መካከል የሚኖረው ክፍተት ከኤሌክትሮዱ ውፍረት አይበልጥ፤ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ማለት ነው። ኤሌክትሮዱ እየነደደ እንደሚያጥር አትርሱ፤ እጃችሁ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም መሄድ አለበት። ጀማሪ ሁሉ ይህን ይረሳና ክፍተቱ ይሰፋል። እሳቱ ይጮኻል፣ ፍንጣሪው ይበዛል፣ ከዚያ ይጠፋል።

መጣበቁ አይቀርም። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ይዞ አልለቅ ሲል ጀማሪ ደንግጦ ወደ ራሱ ይጎትታል፣ ብረቱም አብሮ ይመጣል። እጃችሁን ግራና ቀኝ ጠምዘዝ አድርጉት፣ ይላቀቃል። ካልሆነ የመያዣውን አፍ ከፍታችሁ ኤሌክትሮዱን ተዉት ወይም ማሽኗን አጥፉ። በባዶ እጅ አትንኩት፤ ከላይ እስከ ታች ግሏል። ደጋግሞ ከተጣበቀ አምፒሩ አንሷል ወይም መቆንጠጫው ዝገት ላይ ነው ያለው።

ሲለኩስላችሁ ዓይናችሁ ብርሃኑ ላይ አይፍጠጥ። ከብርሃኑ ጀርባ የምትከተላችሁን ቀይ ኩሬ ተመልከቱ። ኩሬዋ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። የሚያበራውና የሚንቀሳቀሰው የቀለጠው ብረት ነው። ከኋላው ጠቆር ብሎ፣ ወፈር ብሎ የሚከተለው ቅርፊቱ ነው። ሁለቱን መለየት የቻላችሁ ቀን መበየድ ጀምራችኋል። ቅርፊቱ ወደ ፊት ቀድሞ ከመጣ ብየዳው ውስጥ ይቀበራል፤ አንድም ፍጥነታችሁ አንሷል፣ አንድም አምፒሩ አይበቃም። ኤሌክትሮዱን ከቀጥ ትንሽ፣ አሥራ አምስት ዲግሪ ያህል፣ ወደምትሄዱበት አቅጣጫ አጋድማችሁ ጎትቱት እንጂ አትግፉት። የኩሬዋ ስፋት ከኤሌክትሮዱ ውፍረት እጥፍ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ሲሆን ፍጥነታችሁ ልክ ነው።

አንድ መስመር ጨርሱ፣ ቅርፊቱን አንሱ፣ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ ከጎኑ ሌላ መስመር። ቁራጩ ሲሞላ አገላብጡት። ብረቱ እንደጋለ ስታዩት ቀዝቃዛ ይመስላል፤ በጠመኔ "ትኩስ" ብላችሁ ጻፉበት፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ። ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ ጋሼ በያጅ ካለ ደግሞ ቅዳሜን አጠገቡ ውሉ። አንዴ እጃችሁን ይዞ የሚያሳያችሁ ነገር ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ይበልጣል። ማስካችሁን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱ ላይኖረው ይችላል።

የመጀመሪያ ሥራችሁ የጫማ መደርደሪያ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የመዶሻ መስቀያ ይሁን። የሮቶ ማቆሚያ ማማ አይሁን። 1000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን ነው፤ ከስሩ ሰው ልብስ ያጥባል። ደረጃ፣ የበረንዳ መከለያ፣ የተሽከርካሪ ሻንሲ፣ የሕፃን ዥዋዥዌ ለጊዜው ለባለሙያ ተዉት። ከላይ ሲታይ ያማረ ብየዳ ውስጡ ያልያዘ ሊሆን ይችላል።

ያንን የምታውቁበት ርካሽ መንገድ አለ። ሁለት ቁራጭ ብረት እንደ ቲ አቁማችሁ በአንድ ጎን ብቻ በይዱ። ሲበርድ ሞርሳ ላይ እሰሩትና የቆመውን በመዶሻ ወደ ብየዳው በኩል ደጋግማችሁ ምቱ። መነጽር አድርጋችሁ። ብረቱ ተጣሞ ብየዳው ከያዘ ጥሩ ነው። ከተላቀቀ ስብራቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። አንዱ ብረት ላይ ያለው ፊት ለስላሳ ሆኖ የድሮው የግራይንደር ጭረት ከታየበት እዚያ ጋ ብረቱ ጭራሽ አልቀለጠም፤ ብየዳው ከላይ ተለጥፎ ነበር። አምስት ወይም አሥር አምፒር ጨምሩ፣ ክፍተቱን አጥብቡ፣ እንደገና በይዱና እንደገና ስበሩት።